ጥቆማ፦ ጥፍር የምትሠሩበትን ቤት ከቀለሙ በፊት በአየሩ ምረጡ

የቱ ጋ ልሠራ? የትኛው ኩቴክስ ነው ጉዳት የሌለው? ይህ ጥያቄ በመጣ ቁጥር መልሱ ስም ነው። የቤት ስም፣ የብራንድ ስም። እኔ ግን ስም አልጠራም። ጥሩ የነበረ ቤት ባለቤት ሲቀይር ይበላሻል፤ ብራንዱም ስሙን ሳይቀይር ውስጡን ይቀይራል። ስለዚህ ሁለት ቤት ወይም ሁለት ብልቃጥ ጎን ለጎን አድርጋችሁ እንድታወዳድሩ የሚረዳችሁን ልጻፍ። ሥራዬ ጥፍር መሥራት ነው። ከጠረጴዛው ማዶ ለምትቀመጠው ልጅ ማድላቴ አይቀርም፣ አስቀድሜ ልናገር። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

ከቤቱ እንጀምር። በሩ ላይ ስትደርሱ ሽታው ቀድሞ ከተቀበላችሁ፣ ውስጥ ያለው አየር አይወጣም ማለት ነው። ከገባችሁ ትንሽ ቆይቶ ሽታው የጠፋ ይመስላችኋል፤ አልጠፋም፣ አፍንጫችሁ ለምዶት ነው። በ2019 የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 6 የጥፍር ሳሎኖች ውስጥ አየሩን ለክተው፣ ያገኙትን የኬሚካል መጠን ከነዳጅ ማጣሪያና ከመኪና ጋራዥ ጋር አነጻጽረውታል። እናንተ እዚያ የምትቆዩት ለአንድ ሰዓት ነው፣ ልጅቷ ግን ቀኑን ሙሉ ነው የምትውለው።

ታዲያ ሁለት ቤት ስታወዳድሩ ጣሪያው ላይ የሚሽከረከረው ቬንትሌተር አያታላችሁ። እሱ ሽታውን ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ያዞራል እንጂ አያወጣም። ማቀዝቀዣውም ብዙውን ጊዜ ያንኑ አየር መልሶ መላልሶ ነው የሚያቀዘቅዘው። የምትፈልጉት ጠረጴዛው ላይ፣ እጃችሁን የምታስቀምጡበት ቦታ አጠገብ፣ ጭሱንና ብናኙን ከምንጩ ስቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። ወደ ውጭ ሳይሆን በካርቦን ማጣሪያ አልፎ እዚያው የሚመለስ ዓይነትም አለ። ማጣሪያው በጊዜው ከተቀየረ መጥፎ አይደለም፣ ካልተቀየረ ግን ጌጥ ነው። "ማጣሪያውን መቼ ቀየራችሁት?" ብላችሁ ጠይቁ። የሚያውቁት ወዲያው ይመልሱላችኋል፣ የማያውቁት ደግሞ እርስ በርስ ይተያያሉ። ምንም መሣሪያ የሌለው ነገር ግን በርና መስኮቱን ከፍቶ፣ አየሩን ወደ ውጭ የሚገፋ ማራገቢያ መስኮቱ ላይ የሰካ ትንሽ ቤት፣ መስተዋቱ ከሚያብለጨልጭ ዝግ ቤት ይሻላል።

ሌላው ቶሎ የሚታይ ነገር ክዳን ነው። ብልቃጦቹ ተከድነዋል? በአሴቶን (በኩቴክስ ማስለቀቂያው) የራሰው ጥጥ የት ነው የሚጣለው? ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ ከሌለ ጥጡ ቀኑን ሙሉ እየተነነ ነው። ቀላል ነገር ነው፣ ወጪም የለውም፣ ግን በዚህ ብቻ ቤቱን ማን እንደሚመራው ታውቃላችሁ።

ማስክና ጓንት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስስ የሕክምና ማስክ ትነትን አያስቆምም፣ ፈጽሞ። ለሞረድ ብናኝ ኤን95 የሚባለው ይረዳል፤ ለትነት ደግሞ የካርቦን ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል። ጓንት ከሆነ ናይትራይል ነው የሚሻለው፣ ላቴክስ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ናይትራይሉም ቢሆን በመብራት በሚደርቀው ጄልና ከዱቄትና ከፈሳሽ በሚለወሰው አክሪሊክ ውስጥ ያሉት ነገሮች በደቂቃዎች ውስጥ ያልፉታል፣ አሴቶን ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል። አንዱን ጓንት ከጠዋት እስከ ማታ የምታደርግ ልጅ ካያችሁ ጓንት እንዳላደረገች ቁጠሩት።

እግር ለምትሠሩ፦ ውኃው በሞተር የሚሽከረከርበት ወንበር ምቹ ነው፣ አልክድም። ግን በ2000 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ሳሎን ከ100 በላይ ደንበኞቹ እግራቸው ላይ እባጭ ወጥቶባቸዋል። መንስኤው ማይኮባክቴሪየም የሚባል ተህዋስ ነበር። የተገኘውም ውኃውን መልሶ ከሚስበው ወንፊት ኋላ፣ ፀጉርና የቆዳ ቆሻሻ ተጠራቅሞ ከበሰበሰበት ቦታ ነው። ከመሄዳቸው በፊት እግራቸውን በምላጭ የተላጩት የበለጠ ተጠቂ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ የእኔ ምርጫ ተራው ሳፋ ነው። ይታጠባል፣ በፀረ ተህዋስ ይዘፈዘፋል፣ ይደርቃል፣ አለቀ። ወንበሩን ከወደዳችሁ ወንፊቱን በየደንበኛው አውልቀው እንደሚያጥቡ ጠይቁ። እግራችሁንም ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ አትላጩ።

ስለ መሣሪያ ብዙ አልልም። ብረቱ መጀመሪያ በሳሙና ይታጠባል፣ ከዚያ ፀረ ተህዋሱ ውስጥ ጠርሙሱ ላይ ለተጻፈው ደቂቃ ሙሉ ይዘፈዘፋል፣ ብዙዎቹ 10 ደቂቃ ይላሉ። ነከር አድርጎ ማውጣት ማጠብ አይባልም። ሰማያዊ መብራት ያላት ሳጥን ደግሞ ንጹሕ ዕቃ ማስቀመጫ ናት እንጂ ተህዋስ መግደያ አይደለችም፤ እውነተኛው መግደያ በግፊትና በእንፋሎት የሚሠራው አውቶክሌቭ ነው። የወረቀት ሞረድና የእንጨት ቆዳ መግፊያ ለአንድ ሰው ብቻ ነው፣ ከዚያ ይጣላል ወይም ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

አሁን ወደ ብልቃጦቹ። በተራ ኩቴክስ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲወቀሱ የኖሩት ሦስት ናቸው፦ ቶሉዊን፣ ፎርማልዲሃይድና ዳይቡታይል ፍታሌት። ቶሉዊን ራስ ያዞራል፣ ራስ ምታት ያመጣል፣ ለፅንስም ጥሩ አይደለም። ፎርማልዲሃይድ በዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ዘንድ ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበ ነው፣ በተለይ የጥፍር ማጠንከሪያ ስትገዙ እንዳይኖርበት እዩ። ዳይቡታይል ፍታሌት የመራቢያ አካልን የሚጎዳ በመሆኑ የአውሮፓ ኅብረት ከመዋቢያ ውስጥ ከልክሎታል። "ስሪ ፍሪ" ማለት እነዚህ ሦስቱ የሉበትም ማለት ነው። ከዚያ "ፋይቭ ፍሪ" መጣ፣ "ሰቨን ፍሪ"፣ "ቴን ፍሪ" እያለ ቁጥሩ ይወጣል።

ቁጥሩን ግን የሚቆጣጠር የለም። አንዱ ኩባንያ አሥር ብሎ የሚቆጥረው ሌላው ከሚቆጥረው አይገጥምም፣ አንዳንዱማ ድሮም ኩቴክስ ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ነገር ቆጥሮ ቁጥሩን ያሳድጋል። በ2012 የካሊፎርኒያ የመርዛማ ንጥረ ነገሮች ቁጥጥር መሥሪያ ቤት 25 የጥፍር ምርቶችን አስመርምሮ ነበር። ቶሉዊን የለብንም ካሉት 12 ውስጥ 10ሩ ላይ ቶሉዊን ተገኘ። ከሦስቱም ነፃ ነን ካሉት 7 ውስጥ ደግሞ 5ቱ ቢያንስ አንዱን ይዘው ተገኙ። ስለዚህ ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን ትታችሁ ጀርባውን አንብቡ። ጀርባው ላይ የይዘት ዝርዝር የሌለው ብልቃጥ፣ ፊቱ ላይ የፈለገውን ቢል፣ ወደ መደርደሪያው ይመለስ። "ቪጋን" የሚለውም ከእንስሳት የተገኘ ነገር የለበትም ነው የሚላችሁ፣ ስለ ቶሉዊን አንዳች አይነግራችሁም።

አንድ ነገር ሲወጣ በምትኩ የገባውንም እዩ። ፍታሌቱ ሲወገድ ብዙ ኩባንያዎች ትሪፌኒል ፎስፌት አስገቡ። በ2015 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአንድ የአካባቢ ጤና ድርጅት ጋር ሆነው ይህ ያለበትን ኩቴክስ የተቀቡ ሴቶችን ሽንት መረመሩ። ከ10 እስከ 14 ሰዓት በኋላ ከሰውነት የሚወጣው ቅሪት ወደ ሰባት እጥፍ አድጎ ተገኘ። ሰው ሠራሽ ጥፍር ጓንት ላይ ለጥፈው ሲቀቡ ግን ያን ያህል አልጨመረም፤ ማለት ይህኛው በአፍንጫ ሳይሆን በዋናነት በጥፍር በኩል ነው የሚገባው። እንግዲህ "ቴን ፍሪ" ካያችሁ ትሪፌኒል ፎስፌት ከአሥሩ አንዱ መሆኑን አረጋግጡ።

ጄል። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁት ስለ መብራቱ ነው፣ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ብልቃጡ ነው። ጄል ውስጥ ያለው ሄማ የሚባለው አክሪሌት ሳይደርቅ ቆዳ ከነካ አለርጂ ያመጣል፣ አለርጂው አንዴ ከያዘ ደግሞ የዕድሜ ልክ ነው። ጣት ያሳክካል፣ ቆዳው ይሰነጣጠቃል፣ ጥፍሩ ከሥጋው ይላቀቃል። ነገሩ በጥፍር አያበቃም፤ ተመሳሳይ ነገር የጥርስ ሙሌት ውስጥ አለ፣ የዳሌ መገጣጠሚያ ሲቀየር በሚያገለግለው ሲሚንቶ ውስጥ አለ፣ የስኳር መለኪያ ቆዳ ላይ በሚለጠፍበት ሙጫ ውስጥም አለ። የብሪታንያ የቆዳ ሐኪሞች ማኅበር በ2018 ማስጠንቀቂያ ያወጣውም ለዚህ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም ሄማ ያለበት የጥፍር ምርት በባለሙያ ብቻ እንዲሠራበት ወስኗል። ቤት ውስጥ ራሳችሁ የምትሠሩበት ርካሽ የጄል ስብስብ ከገበያ አዝዛችሁ ከሆነ ይህን ሁለቴ አንብቡት።

ሁለተኛው ቲፒኦ ነው፣ ጄሉ በመብራት እንዲደርቅ የሚያደርገው። የአውሮፓ ኅብረት ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከመዋቢያ ውስጥ ከልክሎታል፣ ምክንያቱም የመራቢያ ጤናን ይጎዳል ተብሎ ተመድቧል። ክልከላው ባለበት ቦታ ያልተሸጠው ወደሌለበት እንደሚሄድ ደግሞ መገመት አያቅትም። "ቲፒኦ የሌለው" የሚል ጄል ያላቸው ቤቶች እየበዙ ነው፣ ስለዚህ ያለ ምንም ሀፍረት ጠይቁ።

መብራቱን በተመለከተ በ2023 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ ተመራማሪዎች የ20 ደቂቃ የጄል ማድረቂያ አልትራቫዮሌት መብራት ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑትን ሴሎች እንደገደለ ጽፈዋል። ጥናቱ የተደረገው በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ባሉ ሴሎች እንጂ በሰው እጅ ላይ አይደለም፣ ስለዚህ አትደንግጡ። ጣቱ የተቆረጠ ጓንት አድርጉ ወይም የፀሐይ መከላከያ ቅባት ተቀቡ፣ ይበቃል።

አክሪሊክ ላይ አንድ ስም ብቻ ያዙልኝ፦ ኤምኤምኤ፣ አንዳንድ የአክሪሊክ ፈሳሽ ውስጥ የሚገባ ኬሚካል ነው። በ1970ዎቹ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ጥፍራቸው የተጎዳና አለርጂ የያዛቸው ሰዎች አቤቱታ ከቀረበለት በኋላ መቶ በመቶ ኤምኤምኤ የሆኑ ፈሳሾችን በፍርድ ቤት ጭምር ከገበያ አስወጥቷል። በእሱ ቦታ ኢኤምኤ የሚባለው ዘመዱ ገባ፤ እሱም አለርጂ ሊያመጣ ይችላል፣ ግን ይሻላል። ኤምኤምኤ አሁንም ያልጠፋው ርካሽ ስለሆነ ነው። እንዴት ታውቁታላችሁ? ሽታው ኃይለኛና ለየት ያለ ነው። ሲሞረድ አስቸጋሪ ነው። አሴቶን ውስጥ ብትዘፈዝፉት አይለቅም፣ ስለዚህ ፈልቅቀው ነው የሚያወጡት። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የሆነ ነገር ሲመታው አክሪሊኩ አይሰበርም፣ የራሳችሁ ጥፍር ነው አብሮ የሚነቀለው። ፈሳሹ ምንም ጽሑፍ በሌለው ጠርሙስ ከመጣ፣ ዋጋውም ከሌላው ቤት ሁሉ በጣም የወረደ ከሆነ፣ ተነሡና ሂዱ። ከአክሪሊክ በፊት የሚቀባው ፕራይመርም አሲድ የሌለበት ዓይነት አለው፤ ሜታክሪሊክ አሲድ ያለበት ቆዳ ያቃጥላል።

ዲፕ ፓውደርን፣ ጥፍሩ በቀለም ዱቄት የሚሸፈንበትን፣ መብራት የለውም ብላችሁ የምትመርጡት፣ ሁሉም ሰው ጣቱን አንድ ማሰሮ ውስጥ የሚነክርበት ቤት ከሆነ ይቅርባችሁ። ዱቄቱን በማንኪያ ጥፍሩ ላይ የሚያፈሱ ቤቶች አሉ፣ እነሱ ጋ ሂዱ። ተለጣፊ ጥፍር ለአንድ ዝግጅት ብቻ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ሙጫው ግን እሱም አክሪሌት ነውና አለርጂ ላለባት አይሆንም።

ማስለቀቂያ ላይ የሚገርማችሁን ልንገራችሁ። "አሴቶን የሌለው" የሚለው የግድ የተሻለ አይደለም። አሴቶን ያደርቃል፣ በቀላሉ እሳት ይይዛል፣ ሽታውም አለ፤ ነገር ግን በምትኩ ከሚገቡት ከአንዳንዶቹ በመርዛማነቱ ያነሰ ነው። የምትሸሹት አሴቶኒትራይል የሚባለውን ነው። ስሙ ስለሚመሳሰል ይምታታል። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ሳያናይድ ይቀየራል፣ ጠጥቶት የሞተ ሕፃን አለ።

እንግዲህ ደረጃ ስጡ ካላችሁኝ፦ አንደኛ ጥፍርን አስተካክሎና አጽድቶ ዘይት መቀባት፣ ሁለተኛ ዝርዝሩ የተነበበ ተራ ኩቴክስ፣ ሦስተኛ ቲፒኦና ሄማ የሌለው ጄል በእጁ ጥንቃቄ በምታምኑት ባለሙያ፣ አክሪሊክ መጨረሻ። እርጉዝ ከሆናችሁ ከሁለተኛው አትለፉ ባይ ነኝ፣ እሱም መስኮት አጠገብ። ሙያተኛዋ ራሷ እርጉዝ ከሆነች ደግሞ ይህ ምክር ሳይሆን የባለቤቱ ግዴታ መሆን አለበት።

ባለቤቶችም እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሳንፍራንሲስኮ በ2010 ባወጣችው ደንብ መሠረት ሦስቱን ኬሚካሎች የተዉ፣ ናይትራይል ጓንት የሚያቀርቡ፣ አየራቸውን የሚያስወጡና ሠራተኛ የሚያሠለጥኑ ሳሎኖችን በይፋ እውቅና ትሰጣለች። ደንበኛ ያንን ምልክት አይቶ ይገባል። እናንተ ደንብ መጠበቅ የለባችሁም፤ የምትጠቀሙትን ምርት የይዘት ዝርዝር አንድ ገጽ ላይ አትማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ይሠራላችኋል።

"የራሴን ዕቃ ይዤ ብሄድስ?" ላላችሁኝ፦ ሞረድ፣ ጥፍር መቁረጫና ተራ ኩቴክስ አዎ፣ በደስታ። ጄል ግን አይሆንም። እያንዳንዱ ጄል ከተሠራለት መብራት ጋር ነው በደንብ የሚደርቀው፤ የእናንተ ጄል በቤቱ መብራት ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊቀር ይችላል፣ አለርጂውን የሚያመጣውም ያ ያልደረቀው ነው። ቤቱ የሚሠራበት ጄል ካልተመቻችሁ፣ ያን ቀን ተራ ኩቴክስ ተቀቡና ውጡ።