ጎንደር ውስጥ የታይሮይድ ምርመራ የት ይሻላል? ጥቆማ ስጡኝ

ጥያቄ፦ የ58 ዓመት እናቴ ድካምና ብርድ ብርድ ማለት አስቸግሯቸው ሲመረመሩ ቲኤስኤች (የታይሮይድ ዕጢን የሚያዝዘው፣ ዕጢው ሲደክም ከፍ የሚለው ሆርሞን) 6.8 ተባለ፤ ፍሪ ቲ-ፎሩ (ዕጢው ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን) ግን ልክ ነው። ሐኪሙ «ቀላል ነው» አሉ፤ ጎረቤታችን ደግሞ «ልብ ይጎዳል» ብላ አስደነገጠችን። የት እናስመርምር? የትኛውን መድኃኒት እንግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ መድኃኒቱን ለጊዜው ተዪው። የእኔም እናት ፒያሳ አካባቢ ሲመረመሩ 7.2 ተባሉ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ላቦራቶሪ 4.9 አለ። «እሰይ፣ ዳኑ!» ተብሎ ቡና ተፈላ። ማታ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግቼ ሳያቸው ግን የአንዱ ጤናማ ጣሪያ 4.0፣ የሌላው 5.0 ነው። የመጀመሪያው ደም የተቀዳው ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሁለተኛው ከቀኑ 9 ሰዓት። ቲኤስኤች ሌሊትና ማለዳ ከፍ፣ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ስለሚል፣ የጨፈርነው በሰዓት ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የትም ብትሄዱ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቆይታችሁ፣ በዚያው ላቦራቶሪ፣ በዚያው ሰዓት ድገሙት። ብዙ ጊዜ በራሱ ይወርዳል። የግል ላቦራቶሪ ለፈጣን ውጤት ጥሩ ነው፤ ብቻ ደሙን እዚያው እንደሚመረምሩት ወይስ ወደ ሌላ ቦታ እንደሚልኩት ጠይቂ። እኔ የምመርጠው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን ነው፤ ማልዶ መድረስ ቢያስፈልግም ውጤቱን የሚያነብ የውስጥ ደዌ ሐኪም እዚያው አለ።

ጎረቤታችሁም ፈጽማ አልተሳሳተችም። ጉበት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደም የሚያጸዳው በታይሮይድ ሆርሞን እየታገዘ ነው፤ ሆርሞኑ ሲያንስ ኮሌስትሮሉ ይጠራቀማል፣ የደም ሥርም እንደልብ አይላላም። ከልብ ሕመም ጋር ያለው ትስስር ጎልቶ የታየው ግን ቲኤስኤች ከ10 በላይ ሲሆን ነው። በ6.8 ላይ ገንዘባችሁን ለኮሌስትሮል ምርመራና ለደም ግፊት መለኪያ አውሉት። መለኪያውን በክንድ ላይ የሚታሰረውን ግዙ፤ የእጅ አንጓው በቀላሉ ይሳሳታል።

ሌላ አስተያየት፦ ለእኔ ሌቮታይሮክሲን (የታይሮይድ ሆርሞንን የሚተካ ኪኒን) ታዞልኛል፤ የተጻፈልኝ 50 ማይክሮግራም ነው፣ ሚሊግራም እንዳይመስላችሁ። በባዶ ሆድ በውሃ እወስደዋለሁ፤ ቡናው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል። የብረትና የካልሲየም ኪኒን አራት ሰዓት መራቅ አለበት። በሁዳዴ ከእራት ሦስት ሰዓት በኋላ፣ ስተኛ እንድወስደው ሐኪሜ ፈቅዶልኛል። ፋብሪካው እንዳይቀያየርብኝም ባዶውን ማሸጊያ ይዤ ነው የምገዛው።

መልስ፦ ጥሩ ብለሻል። በ65 ዓመትና ከዚያ በላይ ባሉ ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2017 የወጣ ጥናት ግን ይኸው መድኃኒት ቀላሉ ችግር (ቲኤስኤች ከፍ ብሎ ፍሪ ቲ-ፎር ልክ የሆነበት) ባለባቸው ላይ ድካሙን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ከበዛ ደግሞ የልብ ምትን ያዛባል፣ አጥንት ያሳሳል። ጨውን በተመለከተ፣ ከአራዳ ገበያ ልቅ ጨው ይልቅ አዮዲን ያለው የታሸገ ይሻላል። «ለታይሮይድ» እያሉ የሚሸጡትን የአዮዲን ጠብታ ግን አልመክርም፤ ሲበዛ ዕጢውን ራሱን ያዳክማል።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እናቴ ለፀጉራቸው ቪታሚን ይወስዳሉ፤ ጠርሙሱን አሁን ሳነበው «ባዮቲን» ይላል። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ! ቁጥሩን ያዛባል። ከድጋሚው ምርመራ በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን ያቁሙት፤ ጠርሙሱንም ይዘሽ ለሐኪሙ አሳዪ።