የስሞልቶክ መተግበሪያዎችን በብራውዘር ውስጥ ለማስኬድ፦ በጋራ ሐሳቡ ሁለተኛ ረቂቅ ላይ የተደረገ ውይይት

አርቃቂ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ከሰጣችሁት አስተያየት እንደተረዳሁት የጋራ ሐሳባችን አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ፣ በስሞልቶክ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉትን ነባር የዴስክቶፕ መተግበሪያዎች፣ ስሞልቶክን ብራውዘር ወደሚያስፈጽመው ቋንቋ ወደ ጃቫስክሪፕት በሚተረጉመው በአምበር እንደ አዲስ እንጻፋቸው ወይስ ኢሜጃቸውን (ፕሮግራሙ ከነሥራው የሚቀመጥበትን ፋይል) ሳንነካ በብራውዘር ውስጥ እናስነሣው የሚለው ነው። እኔ ሁለተኛውን አጥብቄ እደግፋለሁ። ስሞልቶክ ፕሮግራሙን ከተከፈቱት መስኮቶችና በሥራ ላይ ካሉት ኦብጀክቶች ጋር በአንድ ኢሜጅ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ፣ ባይትኮዱን (ፕሮግራሙ የተተረጎመበትን መካከለኛ ትእዛዝ) የሚያስፈጽም ቨርችዋል ማሽን፣ ማለትም እንደ ኮምፒውተር ሆኖ የሚሠራ ፕሮግራም፣ እስከተገኘ ድረስ መተግበሪያው ከሥሩ ያለው ምን ዓይነት ኮምፒውተር እንደሆነ ማወቅ አያስፈልገውም። ስኩዊክጄኤስ ስኩዊክ ለተባለው የስሞልቶክ ዓይነት ይህን ማሽን በጃቫስክሪፕት አቅርቦልናል፤ በስኩዊክ የተጻፉት የልጆች ፕሮግራም መማሪያዎች ኢቶይስና የመጀመሪያው ስክራችም በእርሱ ላይ ይሠራሉ።

ችግሩ የሚመጣው ኢሜጁ ከውጭ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ተጠቃሚው ሥራውን ሲያስቀምጥ እንደወትሮው በዲስኩ ላይ ፋይል የተጻፈ ይመስለዋል፤ ፋይሉ ግን የሚያርፈው ብራውዘሩ ለድረ ገጹ በመደበው ማከማቻ ውስጥ ስለሆነ፣ ያው ሰው ሌላ ቀን የብራውዘሩን ዳታ ሲያጠፋ የደከመበት ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ፋይሉን ወደ ራሱ ኮምፒውተር የሚያወርድበት መንገድ በሐሳቡ ውስጥ ግዴታ ሆኖ ይግባ። ብራውዘር ለድረ ገጽ ተራ ሶኬት (ቀጥተኛ የኔትወርክ መስመር) ስለማይከፍት፣ ከዳታቤዝ ጋር በቀጥታ የሚነጋገሩት መተግበሪያዎች ብራውዘር በሚፈቅደው የግንኙነት መንገድ በዌብሶኬት ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ሰርቨር ይሻሉ። በሲ ቋንቋ የተጻፉ ላይብረሪዎችን የሚጠሩት በመጀመሪያው ዙር ባይካተቱ ይሻላል።

አባል፦
በምርጫው እስማማለሁ፤ ሆኖም ረቂቁ ያላነሣው ከባድ ጉዳይ አለ። ስኩዊክ መስኮቶቹንም ፊደላቱንም ቢትብሊት በተባለው የሥዕል ነጥቦችን በሚገለብጥ ዘዴ ራሱ እየሣለ የሚያወጣ በመሆኑ፣ ብራውዘሩ የሚያውቀው አንድ ካንቫስ (የሥዕል ሰሌዳ) ብቻ ነው። ማየት ለተሳነው ሰው ጽሑፍ የሚያነብለት ሶፍትዌር በዚያ ካንቫስ ላይ አንድም ቃል አያገኝም፤ በብራውዘሩ መፈለጊያ ቃል መፈለግም አይቻልም። ሕዝብ የሚሞላቸውን ቅጾች በዚህ መንገድ ማቅረብ ሰዎችን ከበር መመለስ ስለሚሆን፣ እነዚህ ተለይተው በአምበር እንዲጻፉ እጠይቃለሁ።

አርቃቂ፦
ማሻሻያው ተገቢ ስለሆነ ተቀብዬዋለሁ፤ አንቀጹም እንዲህ ተስተካክሎ እንዲጸድቅ አቀርባለሁ፦ «ለባለሙያዎች የተሠሩ ነባር መተግበሪያዎች ኢሜጃቸው ሳይለወጥ በስኩዊክጄኤስ ይቀርባሉ፤ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉ ቅጾች ግን የብራውዘሩን የራሱን የጽሑፍና የቅጽ ክፍሎች ተጠቅመው በአምበር ይጻፋሉ።»