ሁለት የእንጨት የመጋረጃ ዘንግ ገጥሜ 3.60 ሜትር መስኮት ላይ ልስቀል ነው፤ መሀሉ እንዳይጎብጥ ምን ላድርግ?

የደብሬ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የእንጨት ሥራ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

እናቴ ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው። ባለፈው ዓመት ሳሎኗን በብሎኬት አሰፋንላትና ወደ ፀሐይ መውጫ ትልቅ መስኮት አወጣንላት። ወርዱ 3.60 ሜትር ነው። ጠዋት ፀሐይዋ እስከ ወንበሯ ድረስ ትገባለች። ማታ ግን ያው ደብሬ ነው፤ ብርዱ በመስታወቱ ሰተት ብሎ ይገባል። ስለዚህ ገበር ያለው ወፍራም መጋረጃ አሰፋሁ። ሁለቱን ጨርቅ አንድ ላይ ስመዝናቸው 11 ኪሎ ወጡ።

የቸገረኝ ዘንጉ ነው። አባቴ አናጢ ነበር። ለድሮው ቤት ከዋንዛ የሠራቸው ሁለት የመጋረጃ ዘንጎች አሉን። እያንዳንዳቸው 2.10 ሜትር ናቸው፤ ውፍረታቸው 3.5 ሳንቲም። ጫፋቸው ላይ ሎሚ የሚያህል ጌጥ አላቸው፤ ተነቃይ ነው። ብዙ ሰው "በብረት ቀይሪውና ተገላገይ" ይለኛል። አልፈልግም። እናቴ ጠዋት መጋረጃውን ስትከፍት የእሱን እጅ ሥራ እንድታይ ነው የምፈልገው።

አንድ ጊዜ ሞክረን ነበር። ከወንድሜ ልጅ ጋር ጫፍ ለጫፍ ነጭ ኮላ ቀባን፣ ረጅም ምስማር አስገባን፣ ከላይ በፕላስተር ጠቀለልነው። መያዣ ያደረግነው ግራና ቀኝ ብቻ ነው። መሀል ላይ መያዣ ካለ ቀለበቱ አያልፍም ብለን ተውነው። በማግስቱ መሀሉ ረገበ። በሦስተኛው ሌሊት ወደቀ። እናቴ ተኝታ ነበር፤ ማንም አልተጎዳም፣ ተመስገን።

አሁን እንጨቶቹ ደህና ናቸው፤ አንደኛው ጫፍ ላይ ብቻ የምስማር ቀዳዳ ቀርቷል። እንዴት ብገጥማቸው ነው የሚይዝልኝ?


ከስቱትጋርት፦

እህቴ፣ እዚህ ጀርመን ለዚሁ የሚሆን ብሎን ይሸጣል። ራስ የለውም፤ ሁለቱም ጫፉ ሹልና ጥርስ ያለው ነው። ግማሹን አንዱ ዘንግ ውስጥ ታጠብቂያለሽ፣ ሌላውን ዘንግ እያዞርሽ ታስገቢያለሽ። እኔ ቤት 4 ዓመት ሆነው። የሚመጣ ሰው ካለ እልክልሻለሁ።


ባለሙያው፦

ልጄ፣ አባትሽን ነፍሱን ይማር። 30 ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬያለሁ፤ ዋንዛ የሚያውቅ ሰው ዋንዛውን አይጥልም። ደግ አደረግሽ።

መጀመሪያ ለምን እንደወደቀ ልንገርሽ። ጥፋቱ የኮላው አይደለም። እንጨት ጫፉ ላይ እንደ ሸንበቆ ነው፤ ቀዳዳው ሁሉ ወደዚያ ይከፈታል። የቀባሽውን ኮላ ይጠጣዋል፣ ፊቱ ላይ የሚቀር የለም። ምስማርም በጫፍ በኩል ሲገባ ክሩን ተከትሎ ስለሚሄድ በቀላሉ ይላቀቃል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን መጋጠሚያውን አየር ላይ ሰቀላችሁት። መጋጠሚያ ሸክም አይችልም። ሸክሙን የሚችለው ከሥሩ ያለው መያዣ ነው። የብሎኑም ሥራ ሁለቱን እንጨት አንድ መስመር ላይ ማቆየት ብቻ ነው።

አንድ ነገር አስቢ። ዘንግ በሁለት መያዣ መሀል የሚጎብጠው እንደ ርቀቱ ነው፤ ርቀቱን በግማሽ ስትቀንሺው ጉብጠቱ ግማሽ አይሆንም፣ ወደ 16 እጥፍ ያንሳል። ስለዚህ መሀሉ ላይ አንድ መያዣ ካስገባሽ ያ 11 ኪሎ ለ3.5 ሳንቲም ዋንዛ ምንም አይደለም።

አገጣጠሙን እንዲህ አድርጊው። መጀመሪያ ሁለቱን ጫፍ በመጋዝ ትንሽ ቆርጠሽ ቀጥ አድርጊ፤ ያ የምስማር ቀዳዳም አብሮ ይወገድልሻል። ከዚያ መሀሉን መፈለግ ነው። ክብ እንጨት ላይ መሀል በዓይን አይገኝም። ሁለት ጣውላ ጎን ለጎን በማዕዘን ግጠሚና እንደ አሸንዳ አድርጊው። አንደኛው ዘንግ ጫፍ መሀል ላይ ትንሽ ምስማር ምቺና ራሱን ቁረጪው፣ 3 ሚሊ ያህል ወጥቶ ይቅር። ሁለቱን ዘንግ አሸንዳው ላይ አጋድመሽ ግፊያቸው። ምስማሩ ሌላኛው ላይ ነጥብ ይተዋል። እንዲህ ከሆነ የመጀመሪያው ነጥብ ትንሽ ቢስት እንኳ ሁለቱ እኩል ነው የሚስቱት። ሳታንቀሳቅሻቸው ከላይ በሁለቱም ላይ አንድ የእርሳስ መስመር አስምሪ። ሁልጊዜ ስትገጥሚ መስመሩ ይገናኝ።

ምስማሩን ነቅለሽ ነጥቦቹን በ8 ሚሊ መብሻ 5 ሳንቲም ጥልቀት ብሺያቸው። በእጅ ድሪል ቀጥ ብሎ መብሳት ከባድ ነው፤ አንድ ሰው ከጎን፣ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ ይይልሽ። ካልተማመንሽ ቶርኖ ቤት ውሰጂው። 8 ሚሊ ክብ ብረት 10 ሳንቲም በሴጌቶ ቁረጪ። አንደኛው ዘንግ ውስጥ በኢፖክሲ አጣብቂው፤ ነጭ ኮላ ብረት አይዝም። ሌላኛው ዘንግ ግን ያለ ማጣበቂያ ይግባ። ለምን ብትዪ፣ 4 ሜትር ከምናምን ዘንግ በኮሪደር አይዞርም፣ መጋረጃም ይታጠባል። ተላቆ እንዲወርድ አድርጊው።

የመሀሉን መያዣ ግን ከሱቅ አትግዢ። የሱቁ ጠባብ ነው፣ ሁለቱ ጫፎች የሚያርፉበት ቦታ አያገኙም። 8 ሳንቲም ስፋት ያለው ከእንጨት አሠሪ፤ ከላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ የተቦረቦረ። ለእያንዳንዱ ጫፍ 4 ሳንቲም መቀመጫ ይኖረዋል። ከሥር በኩል በትንንሽ ብሎን እያንዳንዱን ዘንግ እሰሪው፣ እንዳይሸሽ።

ግድግዳውስ? ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። ፊሸር ባዶው ላይ ከገባ ይፈታል። ከመስኮቱ በላይ የኮንክሪት ቢም አለ፣ እዚያ ላይ ብሺ። ሐመር ያለው ድሪል ያስፈልግሻል። መብሻው ፌሮ ላይ ከቆመ አትታገዪ፤ ወደ ጎን ሁለት ሦስት ሳንቲም ፈቀቅ በዪ።


ጣውላ ወዳጅ፦

ባለሙያው ያሉት ደህና ነው። ግን ሁለቱን ጫፍ ሰያፍ ቆርጦ ጎን ለጎን በኮላ ማጣበቅም አለ። ሰያፉ ረጅም ከሆነ፣ የውፍረቱን 8 እጥፍ ያህል፣ ኮላው የሚይዘው የእንጨቱን ጎን ስለሆነ በጣም ይጠነክራል።


ባለሙያው፦

ልክ ነህ፣ ጠንካራ አገጣጠም ነው። ለእሷ ግን አልመርጥላትም። የ3.5 ሳንቲም 8 እጥፍ 28 ሳንቲም ነው። ከ4.20 ላይ 28 ከተነሳ 3.92 ይቀራል። መስኮቱ 3.60 ነው፤ መጋረጃው ሲከፈት ተሰብስቦ የሚቆምበት በየጎኑ 16 ሳንቲም ብቻ ይሆንባታል። ከዚያ ሁሉ ጨርቅ ጋር መስታወቱን ይሸፍንባታል። አንዴ ከተጣበቀ ደግሞ መልሶ የአባቷ ሁለት ዘንግ አይሆንም።


መጋረጃ ሰፊዋ፦

የኔ እህት፣ ቀለበቱን የሚመለከት ያልተነገረ ነገር አለ። መጋረጃሽ ሁለት ጨርቅ ነው አይደል? አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ነው የሚከፈተው። እንግዲያው ምንም ቀለበት መሀሉን ማለፍ የለበትም! መያዣው ቢኖር ምን ይጎዳሻል? ዘንጎቹን ከመግጠምሽ በፊት የግራውን ቀለበት በግራ፣ የቀኙን በቀኝ አስገቢ።

መሀል ላይ ክፍተት እንዳይታይና ብርድ እንዳይገባ የሁለቱን ጨርቅ ጠርዝ 10 ሳንቲም ያህል ትርፍ አድርጊው። ሲዘጋ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ መያዣውን ከፊት ይሸፍነዋል። በዳርና በዳር ደግሞ አንድ አንድ ቀለበት ከመያዣው ውጭ፣ በጌጡ በኩል ይቅር። እናትሽ ሲስቡት የዳሩ ጨርቅ አብሮ አይሄድም።

ቀለበት አትቆጥቢ። በጨርቁ ላይ በየ15 ሳንቲሙ አንድ። ከዚያ ካራራቅሽው ወፍራም ጨርቅ መሀል ለመሀል ይንጠለጠላል፣ ያስጠላል።


የደብሬ ልጅ፦

ይቅርታ፣ ሳልመለስ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ቅዳሜ ሰቀልነው።

ጋሼ ባለሙያው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ያሉኝን ሁሉ አደረግሁ። ያ የጣውላ አሸንዳ ነገር ገረመኝ፤ ነጥቡ ቁጭ አለ። መብሳቱን ግን ፈርቼ ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። የመሀሉን መያዣ ያሠራሁት ከአባቴ ቁርጥራጭ እንጨት ነው። ከጓዳ ጣሪያ ሥር አስቀምጦት የነበረ ዋንዛ እናቴ አውጥታ ሰጠችኝ። ቀለሙ ከዘንጉ ጋር አንድ ሆነ።

ቢሙ ላይ ሁለተኛው ቀዳዳ ፌሮ አገኘ። እንዳሉኝ 3 ሳንቲም ፈቀቅ አልኩ። ከሁለቱም ጫፍ ቆርጬ 4.17 ቀረኝ፣ በየጎኑ 28 ሳንቲም ትርፍ አለው። ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ሲባጎ ከዳር ዳር ወጥሬ ለካሁት፣ ምንም አልጎበጠም።

ወንድሜ ከስቱትጋርት፣ ብሎኑ አላስፈለገም፤ ስላሰብክልኝ አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። እናቴ በጠዋት ስትከፍተው ቀለበቶቹ እንጨቱ ላይ ይጮሃሉ፣ ይከብዳታልም። ዘይት ልቀባው?


መጋረጃ ሰፊዋ፦

ኧረ ዘይት እንዳትቀቢ! አቧራ ይይዛል፣ ጨርቁንም ያቆሽሻል። ጧፍ አለ አይደል እናትሽ ቤት? ሳታበሪው፣ ዘንጉን ከላይ በኩል ከዳር እስከ ዳር ፈግፊበት። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ እሺው። ሰሙ ያንሸራትተዋል።


የደብሬ ልጅ፦

አሁን ደውዬ ነገርኳት። "ጧፍማ ሞልቷል" አለችና ስልኩን ሳትዘጋ ወንበር ላይ ልትወጣ ነበር። ነገ ጠዋት የወንድሜ ልጅ እስኪመጣ ጠብቂ ብዬ ለመንኳት።