የአካል ጉዳት ድጎማ ይግባኝ፦ በወረቀት ብቻ ይታይ ወይስ ዳኞቹ ፊት ልቅረብ?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው። በጀርባና በነርቭ ሕመም ምክንያት ፒ አይ ፒ የተባለውን ድጎማ ጠይቄ በዕለታዊ ኑሮ ምን ያህል እንደምቸገር በሚለካው 6 ነጥብ ብቻ ተሰጠኝ፤ ለዝቅተኛው ክፍያ እንኳ 8 ያስፈልጋል። እንደገና ይታይልኝ ብልም ውሳኔው ፍንክች አላለም። አሁን የይግባኝ ቅጹን ታቅፌ ተቀምጫለሁ፤ ለማስገባት ካለኝ አንድ ወር የቀረኝ 9 ቀን ነው።

ያቃተኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ ጉዳዬ በሰነድ ብቻ ይታይ ወይስ ችሎት ቀርቤ ልናገር? ዳኛ፣ ሐኪምና የአካል ጉዳት ባለሙያ ፊት መቀመጥን ገና ሳስበው ላብ ያጠምቀኛል። ደግሞ ሰው ሲጠይቀኝ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ልማዴ ነው። ድጎማው ይገባኝ እንደሆነ ለገመገመችኝ ባለሙያም ይህንኑ ብዬ ጉድ ሆንኩ! ምግብ ለማብሰል እንደማይቸገር ሰው አድርጋ ጻፈችኝ፤ ድስት ማንሳት እንደማልችል አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም። ታዲያ ያ ሪፖርት ከሐኪሜ አጭር ደብዳቤ ጋር ብቻ ቢቀርብ ማን ያርመዋል?

በስልክ ወይም በቪዲዮ መቅረብ እንደሚቻል፣ አስተርጓሚም በነጻ እንደሚመደብ አውቃለሁ። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ በወረቀት መርጦ የተሳካለት አለ? አስተርጓሚው «ይጠዘጥዘኛል» እና «ያቃጥለኛል» የሚሉትን ለይቶ ያስረዳል? ሌሊት የምታገላብጠኝ ባለቤቴ ናት፤ እሷስ አብራኝ ገብታ ብትናገር ይሰሟታል?