የዕቅድ ውይይት፦ የኃይል ቆጣቢ ኮምፓራተር የጋራ ፕሮፖዛል፣ የቴክኒክ ክፍል

አስተባባሪ፦ ውድ አባላት፣ ረቂቁ «እጅግ አነስተኛ ኃይል የሚወስድ ኮምፓራተር እንነድፋለን» ይላል፤ ኮምፓራተር ማለት ከሁለት ቮልቴጆች የትኛው እንደሚበልጥ የሚወስን ወረዳ ነው። ገምጋሚው «ከምን አንጻር?» ማለቱ አይቀርም። ባለ10 ቢት የሳር (SAR) መቀየሪያ፣ ማለትም ቮልቴጅን በተከታታይ ንጽጽር ቢት በቢት ወደ ቁጥር የሚቀይር ወረዳ፣ የ0.6 ቮልት አቅርቦትና የ1 ቮልት ልዩነታዊ ግቤት (የሁለት ግቤቶች ልዩነት) ላይ ተስማምተናል። የቀረው የኮምፓራተሩን ግብ በቁጥር ማስቀመጥ ነው።

የወረዳ ነዳፊ፦ ኃይል ብቻውን ግብ አይሆንም። የመቀየሪያው አንዱ እርከን (1 ቮልት ለ1024 ሲካፈል) 0.98 ሚሊቮልት ገደማ ነው፤ ኮምፓራተሩ ፍጹም ቢሆን እንኳ መቀየሪያው በራሱ 0.28 ሚሊቮልት ያህል የማጠጋጋት ስህተት ይኖረዋል። የኮምፓራተሩን ኖይዝ (የዘፈቀደ የቮልቴጅ መዋዠቅ) 0.2 ሚሊቮልት ላይ ብንገድበው ከመቀየሪያው ትክክለኛነት 0.3 ቢት ገደማ እናጣለን። ወደ 0.1 ብናወርደው ኪሳራው 0.1 ቢት እንኳ አይሞላም፤ ግን ኖይዝን በግማሽ ለመቀነስ የኮምፓራተሩ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያከማቸው ክፍል) 4 እጥፍ ማደግ አለበት፣ ጉልበቱም አብሮ 4 እጥፍ ይሆናል። እኔ 0.2 ላይ እቆማለሁ። ኖይዙና በአንድ ውሳኔ የሚወጣው ጉልበት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ተለያይተው ከተጻፉ ማንም አንዱን ጥሎ በሌላው ይመካል።

የሙከራ ባለሙያ፦ እስማማለሁ። ኦፍሴትን (የኮምፓራተሩን ቋሚ የመነሻ ስህተት) ለማረም በረቂቁ የተሰጠው ሙሉ ገጽ ግን ይሰረዝ። በእኛ መቀየሪያ ያለው ኮምፓራተር አንድ ብቻ ስለሆነ ኦፍሴቱ ኮዶቹን (የሚወጡትን ቁጥሮች) ሁሉ እኩል ያንሸራትታል እንጂ መስመራዊነትን፣ ማለትም የእርከኖቹን እኩልነት፣ አያበላሽም። 63 ኮምፓራተር የሚደረደርበት ባለ6 ቢት ፍላሽ (ሁሉንም ንጽጽር በአንዴ የሚያደርግ መቀየሪያ) ቢሆን ኖሮ ሌላ ጉዳይ ነበር።

የወረዳ ነዳፊ፦ ይሰረዝ፣ አንድ መስመር ግን ይቅር። ኦፍሴቱ የሁለቱ ግቤቶች አማካይ ቮልቴጅ ሲለዋወጥ አብሮ የሚለዋወጥ ከሆነ መስመራዊነትም ይነካል። ስለዚህ ግቤቱን ለኮምፓራተሩ የሚያቀርቡት የመቀየሪያው ካፓሲተሮች አቀያየር አማካዩን ከቦታው የማያንቀሳቅስ ይሁን።

የሌይአውት ባለሙያ፦ ስለ ኮምፓራተሩ ወረዳ ዓይነት፦ ሁለት አማራጭ ላቾች (ውሳኔውን አጉልተው የሚይዙ ወረዳዎች) አሉ። ስትሮንግአርም ላች ውሳኔውን ከሰጠ በኋላ ቋሚ ከረንት አይስብም፤ ትራንዚስተሮቹ ግን ስለሚደራረቡ በ0.6 ቮልት ይዘገያል። በ2007 የቀረበው ባለሁለት ጅራት ላች የግቤቱን ክፍል ከላቹ ስለሚለይ ለዝቅተኛ አቅርቦት ይሻላል። ሁለቱንም በኮምፒውተር አስመስለን እናወዳድር ከማለት አንዱን መርጠን ምክንያቱን ብንጽፍ ይሻላል።

አዲስ አባል፦ አንድ ሐሳብ አለኝ። ከ10ሩ ውሳኔዎች ኖይዝ በቀላሉ የሚያሳስተው ሁለቱ ግቤቶች እጅግ የተቀራረቡበትን ብቻ ነው፤ ያኔ ደግሞ ኮምፓራተሩ ራሱ ይዘገያል። ሲዘገይ ብቻ ደጋግመን ጠይቀን አብላጫ ድምፅ ብንወስድስ?

የሙከራ ባለሙያ፦ ማኅበራችንም የሚወስነው እንደዚሁ ነው! ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን መዘግየቱን የሚለየው ወረዳም ጉልበት ይበላል፤ የእሱ ፍጆታ በሒሳቡ ይግባ።

አስተባባሪ፦ እንግዲህ ባለሁለት ጅራት ላች፣ ኖይዝ ከ0.2 ሚሊቮልት የማይበልጥ። የድምፅ አሰጣጡ ሁለተኛ ምዕራፍ ይሆናል፤ ሥሌቱን አዲሱ አባል ያዘጋጅልን። ላቹ ሲገለበጥ ወደ ካፓሲተሮቹ የሚመልሰውን ረብሻ ማን ይጻፍ?

የሌይአውት ባለሙያ፦ እኔ እጽፋለሁ።