በየቀኑ 100 ፑሽ አፕ እሠራለሁ፣ ሰውነቴ ግን ቆሟል። ቤት ውስጥ ያለ ብረት ጡንቻ ማውጣት እስከ ምን ድረስ ይቻላል?

ባለ አንድ ክፍል፦

ሰላም ለሁላችሁ። 62 ኪሎ ነኝ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ74 ነው። የምኖረው ኪራይ ቤት፣ አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ወለሉ ሊሾ፣ በሩ ላሜራ። ያለኝ ዕቃ አልጋ፣ የእንጨት ጠረጴዛ፣ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና አንድ የጀርባ ቦርሳ ነው። ለጂም የሚተርፍ ብር የለኝም። 5 ወር ሙሉ በየቀኑ 100 ፑሽ አፕ ሠርቻለሁ፤ በአንዴ 10፣ አሥር ዙር። ሳላርፍ ከሠራሁ 35 እደርሳለሁ። መጀመሪያ ላይ ደረቴና ክንዴ ትንሽ ወጥቶ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ለውጥ የለም።

ጥያቄዎቼ፦ ቁጥሩን ወደ 200 ላሳድገው? ጀርባ ያለ ብረት በምን ይሠራል? ጿሚ ስለሆንኩ ደግሞ፣ ሥጋና እንቁላል በሌለበት ወቅት ጡንቻ ይጨምራል ወይስ ያለውን መጠበቅ ብቻ ነው?

ዙር ቆጣሪ፦

200 አታድርገው ወንድሜ። የቁጥሩ ማነስ አይደለም ያቆመህ፣ የእያንዳንዱ ዙር መቅለል ነው። 35 የሚችል ሰው 10 ላይ ሲያቆም ገና 25 ይቀረዋል። ጡንቻን እንዲያድግ የሚያስገድደው የዙሩ መጨረሻ ነው፤ እየገፋህ እያለ ፍጥነትህ በግድ የሚቀንስበት፣ 1 ወይም 2 ብቻ የሚቀርህ ቦታ። እዚያ ካልደረስክ አሥሩም ዙር ማሟሟቂያ ነው።

በአንድ ዙር ከ5 እስከ 30 ጊዜ ድረስ የትኛውንም ብትሠራ፣ እዚያ ጥግ እስከደረስክ ድረስ ጡንቻ ያድጋል። ከ30 በላይ ሲሆን ግን ጡንቻው ሳይደክም ትንፋሽህና ቃጠሎው ቀድመው ያስቆሙሃል። ስለዚህ እንቅስቃሴውን አክብደውና ከ8 እስከ 20 ባለው ውስጥ እንዲያቅትህ አድርግ።

እንዴት ይከብዳል? መደበኛ ፑሽ አፕ ላይ እጅህ የሚሸከመው ከሰውነትህ ክብደት 64 በመቶ ያህሉን ነው። ባንተ ኪሎ ወደ 40 ኪሎ ይመጣል። እግርህን 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ስታደርግ 70 በመቶ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ስታደርስ 74 በመቶ ይሆናል፤ ያ 46 ኪሎ ገደማ ነው። በጉልበት የሚሠራው 49 በመቶ ብቻ ነው። አልጋህ በነፃ 4 ወይም 5 ኪሎ ጨመረልህ ማለት ነው።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ ያዘው። መጀመሪያ የአወራረድህን ፍጥነት ቀንስ፤ 3 ሰከንድ ቆጥረህ ውረድ፣ ደረትህ ከወለሉ አንድ ቡጢ ሲቀረው 1 ሰከንድ ቁም፣ ከዚያ ግፋ። የ35 ጌታ የነበረው ሰው በዚህ አኳኋን 15 ላይ ሊያቅተው ይችላል። ያ ሲቀልህ እግርህን አልጋ ላይ ስቀል። እሱም ሲቀልህ ቦርሳውን ጫን። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ በደረቅ አሸዋ ሲሞላ 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልክ ትጨምራለህ። ቦርሳው ከሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መሃል መቀመጥ አለበት፤ በነጠላ ወይም በጨርቅ ከደረትህ ጋር እሰረው። ወደ ወገብ የተንሸራተተ ቦርሳ ወገብህን ያጎብጠዋል፣ ከደረትህ በፊት ወገብህ ያማርራል።

መጨመር ያለብህ መቼ እንደሆነ ደብተር ይንገርህ። 4 ዙር ሠርተህ በአራቱም 15 ስትደርስ አንድ ሃይላንድ ጨምር፤ ቁጥሩ ትንሽ ይወርዳል፣ እንደገና ወደ 15 ትመልሰዋለህ። የማይጽፍ ሰው ሳያውቀው ለወራት ያንኑ ይደግማል። በዙር መካከል ከ2 እስከ 3 ደቂቃ እረፍ፤ 30 ሰከንድ ብቻ ካረፍክ ሁለተኛው ዙር ላይ የሚያቆምህ ትንፋሽ ይሆናል።

በየቀኑ መሥራቱንም ተው። ረቡዕና ዓርብ ከጾምክ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ይበቁሃል። በሳምንት ለአንድ ጡንቻ ከ10 እስከ 20 ከባድ ዙር ካገኘህ ከዚያ በላይ የሚፈለግ የለም።

ጀርባ ይቅደም፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ጀርባው ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ይገፋል፣ የሚጎትት የለም። ደረት ብቻ ለወራት ከሠራህ የጀርባህ ጡንቻ ከደረትህ ወደ ኋላ ይቀራል። ባንተ ሁኔታ በሳምንት ውስጥ ከመግፋቱ የሚበልጥ መጎተት ብትሠራ እመርጣለሁ።

በጀሪካን፦ ግራ እጅህንና ግራ ጉልበትህን አልጋ ላይ አሳርፍ፣ ጀርባህ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ይሁን፣ በቀኝህ ጀሪካኑን ወደ ዳሌህ ጎትት። ወደ ደረት አይደለም፣ ወደ ዳሌ። ክርንህ ከጎንህ ሳይርቅ ወደ ኋላ ይሂድ። ላይ ስትደርስ 1 ሰከንድ ያዘው፣ 3 ሰከንድ አውርደው። ሙሉ ጀሪካን 21 ኪሎ ያህል ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ሚዛን አያስፈልግህም። ግማሽ የሞላ ጀሪካን አታንሳ፤ ውስጡ ያለው ውሃ ሲወዛወዝ እጅህንና ወገብህን ይዞ ይሄዳል። ክብደት መቀነስ ከፈለግክ በባለ 5 ወይም በባለ 10 ሊትር ጀምርና ሙላው። እጀታው እንዳይቆርጥህ ጨርቅ ጠቅልልበት። ደግሞ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ለስፖርት የምትጠቀምበትን ጀሪካን ለይ፤ ውሃው እየተቀዳ ከጎደለ ደብተርህ ላይ የጻፍከው ቁጥር ትርጉም ያጣል። 21 ኪሎ 20 ጊዜ ሲቀልህ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ሞልተህ እጀታው ላይ በገመድ እሰር።

በጠረጴዛ፦ ከሥር ገብተህ በጀርባህ ተኛ፣ ጠርዙን ያዝ፣ ሰውነትህን ቀጥ አድርገህ ደረትህን ወደ ጠርዙ ጎትት። መጀመሪያ ጉልበትህን አጥፈህ፣ ቀጥሎ እግርህን ዘርግተህ። ቀላል ጠረጴዛ ፊትህ ላይ ይገለበጣል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ሙሉ ጀሪካኖች ከምትይዝበት ጠርዝ በተቃራኒ በኩል ላይ አስቀምጥ። የሚንቀጠቀጥ ወይም ጣውላው በሚስማር ብቻ የተያዘ ከሆነ ይቅርብህ።

ጠረጴዛው የማያስተማምን ከሆነ በበር ይሠራል። አንሶላ በርዝመቱ ጠቅልል፣ ጫፉን ወፍራም ቋጠሮ ቋጥር፣ ቋጠሮውን ከበሩ ማዶ በላይኛው ጠርዝ አሳልፈህ በሩን ዝጋና ቆልፍ። አንተ መቆም ያለብህ ስትጎትት በሩ ይበልጥ በሚዘጋበት በኩል ነው። በተቃራኒው ከቆምክ ሙሉ ክብደትህን የሚሸከመው የቁልፉ ምላስ ብቻ ነው፣ እሱም ይለቃል። የላሜራ በር ጠርዝ ጨርቅ ይቆርጣልና አንሶላው በሚያልፍበት ቦታ ላይ ፎጣ አጥፈህ አድርግ። እግርህን ወደ በሩ ባስጠጋህ ቁጥር ሰውነትህ ወደ ኋላ ይጋደላል፣ ሥራውም ይከብዳል።

ጭንን የሚረሳ ሰው ሳይ አዝናለሁ፣ ከትልልቆቹ ጡንቻዎች አንዱ እዚያ ነው ያለው። የኋላ እግርህን አልጋ ላይ አድርግ፣ የፊተኛውን ከአልጋው 60 ወይም 70 ሳንቲ ሜትር አርቀህ በአንድ እግር ቁጭ ብድግ በል። ያለ ክብደት 15 ካለፍክ ጀሪካኑን በአንድ እጅህ ያዝ፣ ቀጥሎ በሁለቱም። ሁለት እግር ላይ የሚሠራው ስኳት (ቁጭ ብድግ) ባንተ ኪሎ ቶሎ ይቀላል፤ ይሄኛው ግን ለወራት አይቀልም። ለጭን የኋላ ጡንቻ ሊሾው ወርቅ ነው፦ በጀርባህ ተኛ፣ ተረከዝህ ሥር ጨርቅ አድርግ፣ መቀመጫህን አንሳና እግርህን ቀስ ብለህ አንሸራተህ ዘርጋ፣ መልሰህ ሰብስብ። መሰብሰቡ ካቃተህ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መዘርጋቱን ብቻ ሥራ።

ሽምብራ ቆሎ፦

ስለ ጾሙ ልመልስ። ይጨምራል፣ ግን በደፈናው በልቶ አይሆንም፣ መቁጠር ይፈልጋል። ለአንድ ኪሎ ሰውነት 1.6 ግራም ፕሮቲን አስብ፤ ለ62 ኪሎ 100 ግራም አካባቢ ነው።

አንድ የጾም ቀን ይህን ይመስላል (ሁሉም ሳይበስል የተመዘነ ነው)፦ 100 ግራም ምስር 25 ግራም ፕሮቲን፣ 70 ግራም የሽሮ ዱቄት 14፣ በቀን የምትበላው እንጀራ 250 ግራም የጤፍ ዱቄት ቢይዝ 30፣ 60 ግራም ለውዝ 15፣ 70 ግራም ሽምብራ ቆሎ 14። ድምሩ 98። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሽሮው ላይ ነው፤ ቀጭን ሽሮ ውስጥ ያለው ዱቄት ሁለት ወይም ሦስት ማንኪያ ነው፣ የቀረው ውሃና ዘይት። ወፈር አድርገህ ሥራው። እንጀራና ጥራጥሬ አብረው መበላታቸው ደግሞ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ጤፍ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፣ ምስርና ሽምብራ ግን ሞልቷቸዋል። ባልጾምክበት ቀን አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ይጨምርልሃል።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የምትቆይ ከሆነ 8 ሰዓት ላይ ጀምርና እንደጨረስክ ብላ፤ ወይም ከበላህ 2 ሰዓት በኋላ ሥራ። ጠዋት ሠርቶ እስከ 9 ሰዓት ያለ ውሃ መቆየት ጥሩ አይደለም። ረመዳን ለሚጾሙም ይኸው ነው፣ ከመግሪብ ትንሽ ቀደም ብሎ ወይም ከኢፍጣር 2 ሰዓት በኋላ። በ55ቱ ቀናት ዙሩን በአንድ ሦስተኛ ቀንስ፣ ክብደቱን ግን አትንካው። ኃይል አነሰኝ ብለህ ቀላል ነገር ብዙ ጊዜ መሥራት ከጀመርክ ወደ ድሮው 100 ፑሽ አፕ ተመለስክ።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ በአንድ ሚዛን ላይ ተመዘን። በወር አንድ ኪሎ ገደማ ከጨመርክ ልክ ነው። ለ3 ሳምንት ካልተንቀሳቀሰ ችግሩ ሥራው ሳይሆን ምግቡ ነው፤ ማታ ላይ ለውዝ ጨምር።

ሰፈር ጂም፦

ክብደት ካነሰ ጀሪካኑን አሸዋ ሙላው፣ ከ30 ኪሎ በላይ ይሆንልሃል። አለበለዚያም እንደ ሰፈር ጂሞች በሲሚንቶ ሥራ፦ ሁለት ባለ 4 ሊትር የቀለም ቆርቆሮ፣ አንድ የብረት ቧንቧ፤ 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 2 እጅ አሸዋ፣ 3 እጅ ጠጠር። አንዱ ቆርቆሮ ከ9 ኪሎ በላይ ይወጣል።

ጀርባ ይቅደም፦

አሸዋውን በባለ 20 ሊትሩ አላደርገውም። እጀታው 20 ኪሎ ለመሸከም የተሠራ ፕላስቲክ ነው፤ 30 ኪሎ አንጠልጥለህ ከፍ ዝቅ ስታደርገው ከሥሩ ይሰነጠቃል፣ የሚወድቀውም እግርህ ላይ ነው። አሸዋ ለትንንሾቹ ጠርሙሶች ይሁን።

ሲሚንቶው ይሠራል፣ ሁለት ነገር ካልተረሳ። ቧንቧው ለስላሳ ስለሆነ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይላቀቅና ይሽከረከራል፤ ሲሚንቶ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ አስበስተህ ረዘም ያለ ሚስማር መስቀልኛ አሳልፍበት። ሁለተኛ፣ በነጋታው አታንሳው። አንዱን ጎን ሞልተህ ቧንቧውን ቀጥ አድርገህ አስረህ አቁም፣ 2 ቀን ቆይተህ ገልብጠህ ሌላውን ሙላ፣ ከዚያ ለ7 ቀን እርጥብ ጨርቅ አልብሰው። ሳይጠጣ የደረቀ ሲሚንቶ መሬት በነካ ቁጥር ይፈረፈራል።

ባለ አንድ ክፍል፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ቀስ ብዬ ስወርድ የእጅ አንጓዬን ያመኛል፤ ትከሻን ደግሞ በምን ልሥራ? ሁለት የፕላስቲክ ወንበር መሃል ዲፕስ (በእጅ ተደግፎ ዝቅ ከፍ ማለት) ብሠራስ?

ዙር ቆጣሪ፦

ለአንጓው በቡጢ ሥራ፤ ሊሾው ጣትህን እንዳይጎዳው የታጠፈ ፎጣ አድርግበት። አንጓው ቀጥ ስለሚል አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ይተዋል። ክርንህንም ተመልከት፤ እንደ ክንፍ ወደ ጎን ከተዘረጋ ትከሻህን ይጎዳል፣ ከጎንህ 45 ዲግሪ ገደማ ይሁን። የማይለቅ፣ የሚወጋ ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ከሆነ ግን አቁምና ሐኪም ጋ ታይ።

የፕላስቲክ ወንበር በፍጹም። ሊሾ ላይ እግሩ ይከፈትና በአንዴ ትወድቃለህ። ለትከሻ እግርህን አልጋ ላይ አድርግ፣ መቀመጫህን ወደ ጣሪያ አንሳ፣ ሰውነትህ የተገለበጠ ቪ ይሁን፤ ከዚያ ክርንህን አጥፈህ አናትህን ከእጆችህ ትንሽ ፊት ለፊት ወዳለው ወለል አውርድ። 6 ወይም 8 ላይ ያቅትሃል፣ ትክክል ነው።

የሳምንቱ ሦስቱም ቀን ይኸው ነው፦ የጀሪካን ጉተታ 4 ዙር በየእጁ፣ ፑሽ አፕ 4፣ የአልጋ ስኳት 3 በየእግሩ፣ ትከሻ 3፣ ተረከዝ ማንሸራተት 3። ጉተታውን መጀመሪያ ያደረግኩት ገና ጉልበት ሳለህ እንዲሠራ ነው። የእረፍቱን ደቂቃ ካልሰረቅክ አንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ይላል።