ተራራችን ከተከለለ 7 ዓመት አለፈው፣ ደኑ የታለ?

ዳገት_ሥር፦
ሰላም ናችሁ። ደቡብ ጎንደር ነኝ። እኛ ቀበሌ ያለው ተራራ «ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ» ከተባለ 7 ዓመት አለፈው። መጀመሪያ ሣሩ ጉድ አሰኝቶን ነበር፣ እያጨድን ለከብት እንወስድ ነበር። አሁን ግን ክትክታና አጋም ዋጠው። አባቴ «ደን ይሆናል ብላችሁ እሾህ አበቀላችሁ» እያለ ይስቅብናል። ሰዉ ተመንጥሮ ባሕር ዛፍ ይተከልበት ባይ ነው። ምን ትላላችሁ?

ወይራ_ጭሱ፦
ኧረ እንዳትመነጥሩት! እሾህ ያላችሁት እኮ የችግኝ ጣቢያው ነው። ወፍ የወይራ ፍሬ በልታ አጋሙ ላይ ታርፍና ኩሷን እዚያው ትጥላለች፤ ዘሩ ጥላ ያገኛል፣ አፈሩ ቶሎ አይደርቅበትም፣ ፍየል ሾልካ ብትገባ እንኳ እሾሁን አልፋ አትደርስበትም። ነገ ሂድና አጋሙን በዱላ ገለጥ አድርገህ ሥሩን እይ። ደግሞ በ7 ዓመት ጽድና ወይራ ማን ይጠብቃል? ዝግ ብለው ነው የሚያድጉት። በቅርብ ደን ያለው ቤተ ክርስቲያን አለ? ወፏ ዘር የምታመጣው ከዚያ ነው፣ ከሌለ ነገሩ ይከብዳል።

የሁምቦ_ልጅ፦
ጉቶም ፈልጉ። እኛ ወላይታ፣ ሁምቦ ላይ ተራራው ተራቁቶ ነበር። በፈረንጆቹ 2006 የተጀመረው ሥራ ከ2,700 ሄክታር በላይ ሸፈነ፤ ብዙው ዛፍ የመጣው መሬት ውስጥ ከቀረ ጉቶና ሥር ነው እንጂ ከተተከለ ችግኝ አይደለም። ጉቶው ብዙ ቅርንጫፍ ሲያወጣ ጠንካሮቹን ትታችሁ ሌላውን ቁረጡ፣ ማገዶም ይሆናችኋል።

በረሃው፦
ሁሉም ቦታ ግን እንደዚያ አይደለም። አፋር ላይ ፕሮሶፒስ የሚባል እሾኻም ዛፍ ከውጭ አምጥተው ተከሉ፣ ፍየሉ ፍሬውን እየበላ በሄደበት ሁሉ ዘራው። አሁን ዝም ብለህ ብትተወው የሚሰፋው እሱ ነው፣ ግጦሹ አይመለስም። እናንተ ጋ የበቀለው ያገር ቁጥቋጦ ነው፣ ዕድለኞች ናችሁ።

ዳገት_ሥር፦
ዛሬ ጠዋት ወጣሁ። እጄ ተቦጫጨረ እንጂ አንዱ አጋም ሥር ሦስት ወይራ አገኘሁ፣ ትልቁ ጉልበቴ አይደርስም። አባቴን ወስጄ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ ቅጠሉን በጣቱ አሸት አሸት አደረገና «ይሄ እርፍ እስኪሆን እኔ የለሁም» አለኝ። ባሕር ዛፉን ማሳችን ዳር እንትከል ብዬዋለሁ፣ እያሰበበት ነው።